ለስላሳ፣ ቢራና የታሸገ ውሃ አምራቾች ስለ ውሃ የሚገቡት ቃል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ደርድሬዋለሁ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመጠጥ ካምፓኒዎች ስለ ውሃ ለምንድነው ይሄን ያህል የሚያወሩት?

ያለ ውሃ ምንም ስላልሆኑ ነው። ለስላሳም በለው ቢራ 90 ፐርሰንት ገደማ ወይ ከዛ በላይ ውሃ ነው፣ ጉድጓዱ ከደረቀ ወይ ከተበከለ ማሽኑን አጥፍቶ ሠራተኛውን ወደ ቤት መላክ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ኮካኮላ ራሱ ለባለአክሲዮኖቹ በሚያወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የውሃ እጥረትን ቢዝነሱን ሊጎዱ ከሚችሉ አደጋዎች ጋር አብሮ ይዘረዝረዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሕዝብ ቁጣ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ህንድ ውስጥ ገበሬዎች የፋብሪካ በር ላይ ተቀምጠው ውሃችንን መልሱ ሲሉ ነገሩ በዓለም ሚዲያ ዞረ፣ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው መጠጡን አንጠጣም ማለት ጀመሩ፣ ካምፓኒዎቹም ደነገጡ። በ2007 በተባበሩት መንግሥታት ግሎባል ኮምፓክት ስር ሲኢኦ ዎተር ማንዴት የሚባል የቃል ኪዳን ሰነድ መጣ፣ በዛው ዓመት ሰኔ የኮካኮላ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኔቪል ኢዝዴል ቤጂንግ ላይ ቆመው የምንጠቀመውን እያንዳንዷን ጠብታ ለተፈጥሮና ለማኅበረሰቡ እንመልሳለን አሉ። አሁን በየማስታወቂያው የምናየው ቋንቋ በአብዛኛው የዛን ጊዜ ልጅ ነው።

አንድ ሊትር መጠጥ ለማምረት ፋብሪካ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ ይሄዳል?

ለለስላሳ ዛሬ ወደ 2 ሊትር አካባቢ ነው። ኮካኮላ በ2004 ለ1 ሊትር መጠጥ 2.7 ሊትር ይጠቀም ነበር፣ አሁን ከ2 በታች አውርዶታል። ትልልቅና ዘመናዊ ቢራ ፋብሪካዎች ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ይጠቀማሉ፣ ትንንሾቹና ያረጁት ግን 7 እና ከዛም በላይ ሊሄዱ ይችላሉ።

አንዱ ሊትር ጠርሙሱ ውስጥ ገባ፣ ሌላውስ የት ሄደ ካልክ አብዛኛው እጥበት ነው። ተመላሽ ጠርሙስ የሚጠቀም ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶቹ ረጅም የብረት ማሽን ውስጥ ገብተው በሞቀ ኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዘፋሉ፣ የድሮው ወረቀት እየተላጠ ይወርዳል፣ ከዛ ኮስቲኩ ጠብታ እንኳ እንዳይቀር ደጋግመው ይለቀለቃሉ። ብርቱካን ሲሞላ የዋለ መስመር ወደ ኮላ ሲቀየር ደግሞ ታንከሩም ቧንቧውም መሙያ አፉም በሙሉ ይታጠባል፣ አለበለዚያ የብርቱካኑ ሽታ ኮላው ውስጥ ይገባል። ከዛ ውጪ ፊልተሩን ወደ ኋላ ለማጠብ፣ ለቦይለር፣ ለማቀዝቀዣ፣ እንዲሁም ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያው አላሳልፍም ብሎ የሚደፋው ጨዋማ ውሃ አለ። የመጨረሻውን የማጠቢያ ውሃ ሰብስቦ ለመጀመሪያ ማጠቢያ መጠቀም፣ መስመሩን ቶሎ ቶሎ አለመቀያየር፣ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ መዝጋት፣ በእነዚህ በእነዚህ ነው ቁጥሩ የወረደው፣ ይሄን እውነተኛ ሥራ ነው ብዬ ነው የማምነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ይሄ ቁጥር ንፅፅር ነው እንጂ ጠቅላላ መጠን አይደለም። ፋብሪካው በሊትር የሚጠቀመውን በ20 ፐርሰንት ቀንሶ ምርቱን በእጥፍ ካሳደገ ከመሬት የሚያወጣው ውሃ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ግን የምታየው የቀነሰውን ነው።

ታዲያ ለግማሽ ሊትር ለስላሳ 300 ሊትር ውሃ ይሄዳል የሚባለው ከየት መጣ?

ከእርሻው። በ2011 ሆላንድ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤርሲን፣ አልዳያና ሆክስትራ ስኳር ያለበትን ግማሽ ሊትር ለስላሳ ከእርሻ እስከ ጠርሙስ ሲያሰሉት ስኳሩ ከምን ሰብልና ከየት አገር እንደመጣ እየታየ ከ169 እስከ 309 ሊትር አገኙ። ከዚህ ውስጥ ከ99 ፐርሰንት በላዩ ከፋብሪካው ግቢ ውጪ ነው፣ ዋናው ስኳሩ ሆኖ ለሽታ የምትገባው ቫኒላና ካፌይኗ ሳይቀሩ ብዙ ውሃ በልተዋል። ቢራ ላይም ያው ነው፣ ሳብሚለር የሚባለው የቢራ ካምፓኒ ከዎርልድ ዋይልድላይፍ ፈንድ ጋር በ2009 ባወጣው ጥናት 1 ሊትር ቢራ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ 45 ሊትር፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 155 ሊትር ነበር። የልዩነቱ ትልቅ ክፍል ገብሱ የት እና በምን ውሃ በቀለ የሚለው ነው።

ግን ይሄን ቁጥር ይዘን ፋብሪካው 300 ሊትር ከጉድጓድ ሰረቀ ብንል ውሸት ነው የሚሆነው። የውሃ አሻራ የሚባለው ስሌት ሦስት ዓይነት ውሃ ይደምራል፣ እርሻው ላይ የዘነበው ዝናብ አረንጓዴ ይባላል፣ ከወንዝና ከጉድጓድ የተቀዳው ሰማያዊ፣ ብክለቱን ለማቅጠን የሚያስፈልገው ደግሞ ግራጫ። በዝናብ የበቀለ ሸንኮራ እና ከወንዝ በቦይ ተጠልፎ የጠጣ ሸንኮራ ድምራቸው እኩል ሊሆን ይችላል፣ ከታች ላለው ገበሬ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ስለዚህ ማንም ትልቅ ቁጥር ሲነግርህ፣ ተቺውም ቢሆን፣ ስንቱ ሰማያዊ ነው በለው።

ከፋብሪካው የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ይጣራል ወይ?

ትልልቆቹ ላይ ባብዛኛው አዎ፣ የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። የለስላሳና የቢራ ፍሳሽ ስኳርና እርሾ ስለሚበዛበት ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ባክቴሪያው ስኳሩን ሲበላ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣው ያልቃል። አጣርቶ መልቀቅ ሕግ የሚያስገድደው ነገር ነው፣ ስለዚህ እንደ ስጦታ ሲቀርብልን ትንሽ ይከብደኛል።

የተጠቀምነውን ውሃ 100 ፐርሰንት መልሰናል ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ኮካኮላ በ2016 ካሰብነው 5 ዓመት ቀድመን ግባችንን መታን፣ በ2015 መጠጥ ውስጥ የገባውን ውሃ 115 ፐርሰንት መልሰናል አለ። የሚሰማ ሰው ከጉድጓዱ የወጣው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ ብሎ ነው የሚረዳው። የተባለው ግን ሌላ ነው፦ በዓለም ላይ የተሸጠው መጠጥ መጠን ተወሰደ፣ በሌላ በኩል ካምፓኒው ገንዘብ ያወጣባቸው ፕሮጀክቶች፣ ማለትም ዛፍ ተከላው፣ ረግረጋማ መሬት ማስመለሱ፣ የመንደር ውሃ ዝርጋታው በሞዴል ይሄን ያህል ሊትር ጥቅም አስገኙ ተብለው ተሰሉ፣ ከዛ ሁለቱ ቁጥሮች ተነፃፀሩ። የስኳሩ፣ የብርቱካኑ፣ የቡናው እርሻ ውሃ ስሌቱ ውስጥ የለም። እላይ እንዳየነው ደግሞ ከ99 ፐርሰንት በላዩ ያለው እዛ ነው። በ2018 አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ ይሄንኑ መርምራ ስታወጣ ብዙ ሰው የገረመው ነገር የተደበቀ አለመሆኑ ነው፣ ሪፖርቱ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

ሁለተኛው ችግር ከሊትር ቆጠራው ይብሳል። ካርቦን የትም ቢለቀቅ የሚገባው አንድ ሰማይ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ እዚህ የተለቀቀን እዛ በተተከለ ዛፍ አካክሳለሁ ማለት ብዙ ክርክር ቢኖርበትም ቢያንስ ትርጉም አለው። ውሃ ግን የቦታ ነው። አንድ ተፋሰስ ላይ የተጎዳን ጉድጓድ ሌላ አገር ያለ ተፋሰስ ላይ በተሠራ ጥሩ ፕሮጀክት ልታክመው አትችልም። ውሃ በበዛበት ቦታ የተገኘ 10 ሚሊዮን ሊትር፣ በደረቀ መንደር የተወሰደን 1 ሚሊዮን ሊትር ለዛ መንደር ሰው አይከፍልም፣ ወረቀቱ ላይ ግን አሥር እጥፍ ተመለሰ ይላል። እኔ ድምር ቁጥሩን ማየት የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ካምፓኒዎቹም ቢሆኑ ይሄ ገብቷቸዋል መሰለኝ። ኮካኮላ በ2021 ባወጣው የ2030 ዕቅድ ውሃ የተጨነቀባቸውን፣ ማለትም ያለው ውሃ ለፈላጊው ሁሉ የማይበቃባቸውን 175 ፋብሪካዎች ለይቶ እነሱ ላይ በየቦታቸው እሠራለሁ ብሏል። ተቺዎቹ ለዓመታት ሲሉት የነበረው ይሄንኑ ነው።

70 ፐርሰንቱን ውሃ የሚወስደው ግብርና ሆኖ ሳለ የመጠጥ ፋብሪካ ላይ ብቻ መጮህ ፍትሃዊ ነው?

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ በዓለም ላይ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከጉድጓድ ከሚወጣው ንፁህ ውሃ 70 ፐርሰንት ገደማው ለግብርና ነው የሚሄደው፣ የመጠጥ ኢንዱስትሪው ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። ካምፓኒዎቹም ይሄን መልስ ይወዱታል። ግን እነሱ ራሳቸው የዛ ግብርና ትልቅ ደንበኞች ናቸው፣ የዓለምን ስኳር በብዛት ከሚገዙት ውስጥ ናቸው እኮ፣ ስለዚህ ግብርናው ነው ማለት ግማሽ መልስ ነው።

ሌላው፣ የዓለም አማካይ ለአንድ መንደር ምንም አይነግረውም። ገበሬዎቹ በተራራቁ ጉድጓዶች ከላይ ከላዩ ይቀዳሉ፣ ፋብሪካው አንድ ቦታ ላይ በጥልቅ ጉድጓድና በትልቅ ፓምፕ ቀን ከሌት ይስባል፣ ከዛ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ነው ቀድሞ የሚወርደው። ደግሞ ገበሬው ያጠጣው ውሃ ከፊሉ ተመልሶ እዛው መሬት ይሰርጋል፣ ታሽጎ በመኪና የወጣው ግን ከተፋሰሱ ወጣ በቃ።

ፕላቺማዳ ላይ ምንድነው የተፈጠረው?

ፕላቺማዳ ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ግዛት ውስጥ ያለች መንደር ናት፣ ነዋሪው ባብዛኛው በሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ የሚያድር የአዲቫሲ፣ ማለትም የአገሬው ነባር ሕዝብ ነው። የኮካኮላ የህንድ ቅርንጫፍ በ2000 እዛ ፋብሪካ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሰዎቹ የጉድጓዱ ውሃ ወረደ፣ የቀረውም ማዕድን በዝቶበት ጣዕሙ ተበላሸ፣ ምግብ ለማብሰል እንኳ አልሆነም አሉ። ሴቶቹ ማሰሮ ይዘው ኪሎ ሜትሮች መሄድ ጀመሩ፣ ያን ቀን ውሃ የቀዳች ሴት ያን ቀን የቀን ሥራ አልሄደችም ማለት ነው፣ ደሞዟም ቀረ። በሚያዝያ 2002 ፋብሪካው በር ላይ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ፣ ከፊት ሆነው ከመሩት አንዷ ማይላማ የምትባል የመንደሩ ሴት ነበረች። በ2003 ደግሞ ፋብሪካው ለገበሬዎች ማዳበሪያ ነው ብሎ ይሰጥ የነበረው ዝቃጭ በቢቢሲ ሬዲዮ ጋዜጠኞች በኩል ላብራቶሪ ሲገባ እርሳስና ካድሚየም ተገኘበት።

የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃዱን አላድስም አለ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ፣ በታህሳስ 2003 የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የከርሰ ምድር ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው፣ መንግሥት በአደራ የያዘው ነው፣ መሬቱን የገዛ ሁሉ እንደፈለገ ሊያወጣው አይችልም ብለው ፈረዱ። ፋብሪካው በመጋቢት 2004 ሥራ አቆመ። ለሁለቱም ወገን እውነቱን ለመናገር፣ በ2005 የዛው ፍርድ ቤት ሌላ ችሎት ለካምፓኒው ፈርዶ በቀን እስከ 500 ሺህ ሊትር እንዲያወጣ ፈቅዶ ነበር፣ ካምፓኒውም ጉድጓዱ የወረደው ዝናብ ስላነሰ ነው ሲል ቆይቷል። ፋብሪካው ግን ዳግም አልተከፈተም።

ካምፓኒው ራሱ ያስጠናው ጥናት ተቺዎቹን ደግፎ ያውቃል?

አዎ፣ ካላ ዴራ ላይ። ራጃስታን ውስጥ ያለች ደረቅ ቦታ ናት። የተማሪዎቹ ተቃውሞ ሲበረታ ኮካኮላ ቴሪ የሚባለውን የህንድ የምርምር ተቋም ፋብሪካዎቹን እንዲያጠና አደረገ፣ በ2008 የወጣው ሪፖርት ካላ ዴራን በሚመለከት አማራጮቹን ቁጭ አደረገ፦ ውሃ ካልተጨነቀበት ቦታ አምጡ፣ ወይ የተጠራቀመ ውሃ ተጠቀሙ፣ ወይ ፋብሪካውን ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱ፣ ወይ ዝጉት። ካምፓኒው ዝናብ ውሃ የሚያሰርጉ ጉድጓዶች ሠርተናል፣ ካወጣነው በላይ እየመለስን ነው እያለ ቀጠለ፣ በ2016 ግን ምርቱን አቆመ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የማልረሳው የወሩን ነገር ነው። ለስላሳ በጣም የሚሸጠው በሙቀት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ፋብሪካው በጣም የሚስበው በበጋ ነው፣ ጉድጓዱ በጣም የሚወርደውም ገበሬውም ውሃ በጣም የሚፈልገው በዛው በበጋ ነው። ዝናቡ ደግሞ የሚመጣው በኋላ ነው። በዓመት ተደምሮ ሒሳቡ እኩል ሊመጣ ይችላል፣ ግንቦት ላይ የደረቀ ጉድጓድ ያለው ሰው ግን ነሐሴ ላይ በሚሰርግ ውሃ አይጠጣም።

የታሸገ ውሃ የሚሸጡት ለውሃው የሚከፍሉት በጣም ትንሽ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ብዙ ቦታ እውነት ነው። የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ኔስሌ ለፓምፑ በዓመት 200 ዶላር የወረቀት ክፍያ ነበር የሚከፍለው፣ በ2018 ደግሞ በደቂቃ ከ250 ወደ 400 ጋሎን፣ ማለትም 1,500 ሊትር ገደማ እንዲስብ ተፈቀደለት። እዛው ግዛት ፍሊንት ከተማ ከ2014 ጀምሮ የቧንቧ ውሃው በእርሳስ ተበክሎ ሕዝቡ ለማይጠጣው ውሃ ቢል እየከፈለ ነበር፣ ቁጣው ለምን እንደነደደ መገመት አይከብድም። ካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ ጫካ ውስጥ ደግሞ የቧንቧ መስመሩ ፈቃድ በ1988 አልቆ በዓመት 524 ዶላር እየተከፈለ ለአሥርት ዓመታት ሲቀዳ ቆየ፣ በ2015 ጋዜጣ ካወጣው በኋላ ነው ነገሩ የተነሳው፣ የግዛቱ የውሃ ቦርድ አቁሙ ያለው በ2023 ነው። በመሃል በ2021 ኔስሌ የሰሜን አሜሪካ የውሃ ብራንዶቹን በ4.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጧቸዋል።

እንዴት ይሄን ያህል ይረክሳል ካልክ፣ ብዙ አገር ላይ ሕጉ ውሃውን ራሱን ዋጋ አላወጣለትም። እኛ ለቧንቧ ውሃ የምንከፍለው ለማጣራቱ፣ ለመስመሩና ለፓምፑ ነው፣ የራሱን ጉድጓድ የቆፈረ ሰው እነዚህን በራሱ ስለሚሸፍን ለመንግሥት የሚከፍለው የፈቃድ ወረቀቱን ነው። ሕጉ የተጻፈው ለገበሬና ለቤት ጉድጓድ ታስቦ ነበር፣ በደቂቃ 1,500 ሊትር የሚስብ ሰው ይመጣል ያለ አልነበረም።

የታሸገ ውሃ የቧንቧ ውሃ ነው የሚሉትስ?

አንዳንዱ ነው። የኮካኮላ የታሸገ ውሃ የሆነው ዳሳኒ በ2004 እንግሊዝ ውስጥ ሲሸጥ መነሻው ሲድከፕ የሚባል ቦታ የቧንቧ ውሃ መሆኑ ታወቀ፣ በላዩ ላይ ብሮሜት የሚባል ጎጂ ኬሚካል ከሚፈቀደው በላይ ተገኝቶበት ከገበያ ተሰበሰበ። ፔፕሲ ደግሞ በ2007 አኳፊና በሚባለው የታሸገ ውሃው ላይ ከሕዝብ የውሃ ምንጭ የተቀዳ መሆኑን ለመጻፍ ተስማማ። ተጨማሪ ስለሚጣራ ጎጂ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ከተማው ለሕዝቡ ብሎ ያጣራውን ውሃ መልሶ ለሕዝቡ መሸጥ ነው፣ ፕላስቲኩን ጨምሮ። የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት የዓለም የታሸገ ውሃ ኢንዱስትሪ በዓመት 600 ቢሊዮን የሚሆን የፕላስቲክ ጠርሙስ ያመርታል።

በትክክል የሠራ የውሃ ጥበቃ ፕሮጀክት የለም ማለት ነው?

አለ፣ እኔ ሁልጊዜ የማነሳው ቪቴልን ነው። ቪቴል የፈረንሳይ ከተማም የታሸገ ውሃ ካምፓኒም ስም ነው፣ ካምፓኒው በኋላ ኔስሌ እጅ ገብቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ቮዥ ውስጥ ባለው ምንጭ አካባቢ ገበሬዎቹ በቆሎ በማዳበሪያ ማምረት ሲያበዙ ናይትሬት ወደ ውሃው መስረግ ጀመረ። ካምፓኒው ገበሬዎቹን አልከሰሰም፣ ተመራማሪዎች ይዞ ዓመታት ወስዶ አነጋገራቸው፣ በቆሎውን ትተው ከብቱን በሳር እንዲያረቡ፣ ፍጉን ወደ ኮምፖስት እንዲቀይሩ ለየገበሬው ከፈለ፣ ዕዳቸውንም አቃለለ። ውሃውም ተጠበቀ፣ እርሻውም አልጠፋም። የሠራው ገንዘቡ የወጣው ውሃው ከሚቀዳበት መሬት ላይ ስለሆነ ነው።

ግን የዛችው ከተማ ታሪክ እዚህ አያልቅም። ሌላው ጥልቁ የከርሰ ምድር ውሃ ለአሥርት ዓመታት ከሚሞላው በላይ እየተቀዳበት ሲወርድ ኖሯል፣ ከሚቀዱት አንዱ ኔስሌ ነው፣ ሌላው የአይብ ፋብሪካ ነው። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ለነዋሪዎቹ ከሌላ ቦታ በቧንቧ ውሃ ማምጣት ነበር፣ ፋብሪካው እየቀዳ ነዋሪው ከሩቅ ይምጣለት ማለት ነው፣ ሕዝቡ እምቢ ብሎ በ2019 ተሰረዘ። በጥር 2024 ደግሞ ኔስሌ የተፈጥሮ ማዕድን ውሃ ብሎ የሚሸጠውን በአልትራቫዮሌትና በካርቦን ፊልተር ያጣራ እንደነበር ወጣ፣ በአውሮፓ ሕግ በዛ ስም የሚሸጥ ውሃ እንዲህ ማከም ክልክል ነው፣ በመስከረም 2024 ምርመራውን ለመዝጋት 2 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። ከተነሱት ጉዳዮች ውስጥ ያለ ፈቃድ የተቆፈሩ ጉድጓዶችም ነበሩበት። አንድ ካምፓኒ አንድ ቦታ ላይ ጥሩ የሠራው ሌላውን አይሸፍንለትም።

ፋብሪካው ከተዘጋ ሠራተኛውስ?

ይሄን የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው፣ የሚጎዳው የመንደሩ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው ከመገንባቱ በፊት መነሳት ያለበት። ሜክሲኮ ውስጥ ሜክሲካሊ በምትባል ከተማ ኮንስቴሌሽን ብራንድስ የሚባል የመጠጥ ካምፓኒ ለአሜሪካ ገበያ ቢራ የሚያመርት የ1.4 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ እየገነባ ነበር፣ በረሃ ላይ፣ ገበሬው ለኮሎራዶ ወንዝ ውሃ በሚሻማበት ቦታ። ገበሬዎቹ ዓመታት ታገሉ፣ በመጋቢት 2020 ሕዝቡ ድምፅ ይስጥ ተባለና ከሰጡት 76 ፐርሰንቱ አንፈልግም አሉ። የቢዝነሱ ወገን የተሳተፈው ሰው ጥቂት ነው ብሎ ተቃወመ፣ እሱም መሰማት ያለበት ነጥብ ነው፣ መንግሥት ግን አስቆመው። ካምፓኒው በኋላ ወደ ቬራክሩዝ፣ ዝናብ ወዳለበት ደቡብ ምሥራቅ ሄዶ መገንባት ጀመረ። ቢራውም ሥራውም አልጠፋም፣ ቦታው ነው የተቀየረው፣ ግማሽ የተገነባው ሕንፃ ግን በረሃው ላይ ቀረ።

በ2022 የሜክሲኮዋ ሞንቴሬይ ከተማ በድርቅ ቧንቧ ሲደርቅባትና ሰው በባልዲ ሲሰለፍ የቢራና የለስላሳ ፋብሪካዎቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ጫናው ሲበዛ ከጉድጓዳቸው የተወሰነውን ለከተማዋ ሰጡ። እንዲህ ያለው ነገር ጠርሙስ በረድፍ ሲሄድና ጎረቤት ባልዲ ይዞ ሲቆም ከመደራደር ይልቅ ፈቃዱ ላይ አስቀድሞ ቢጻፍ ይሻል ነበር፦ ድርቅ ሲታወጅ ይሄን ያህል ትቀንሳለህ ተብሎ።

የኤደብልዩኤስ ሰርተፊኬት አለን ሲሉ ልመን?

አላያንስ ፎር ዎተር ስቱዋርድሺፕ የሚባለው ድርጅት መስፈርቱን ያወጣው በ2014 ነው፣ ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው ለካምፓኒው በጅምላ ሳይሆን ለየፋብሪካው ነው፣ ይሄ ትልቅ ጥንካሬው ነው። ከግቢው ውጪ ያለውን ተፋሰስ እንዲያጠኑ፣ ጎረቤቱን እንዲያነጋግሩም ይጠይቃል። ድክመቱ፣ የኦዲቱን ወጪ የሚከፍለው ተመርማሪው ራሱ ነው፣ ከዛ ደግሞ ከዚህ በላይ መቅዳት አትችልም የሚል ቁጥር አያስቀምጥም። በተጨነቀ ተፋሰስ ላይ ያለ ፋብሪካም ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ሂደቱ በሥርዓት ተሠርቷል ማለት ነው፣ ውሃው አልወረደም ማለት ግን አይደለም።

የአንድ ካምፓኒን የውሃ ሪፖርት ሳነብ ምን ልፈልግ?

እኔ ሪፖርት ስከፍት ፊት ለፊቱን፣ ልጅ በሁለት እጁ ውሃ ሲጠጣ የሚያሳየውን ፎቶ አልፌ ቀጥታ መጨረሻ ገፅ ላይ ወዳለው ሠንጠረዥ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ጠቅላላ የተቀዳውን ውሃ፣ በሊትር ሳይካፈል፣ ካለፉት አምስት ስድስት ዓመታት ጋር አያለሁ። ቀጥሎ ፋብሪካዎቹ በየስማቸው ተዘርዝረዋል ወይ የሚለውን፣ አብዛኛው ጊዜ አልተዘረዘሩም፣ የተጨነቁ ቦታዎች በሚል አንድ ድምር ነው የሚቀመጠው። ዎርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት አኳደክት የሚባል ነፃ ካርታ አለው፣ የፋብሪካውን ከተማ ካወቅክ ተፋሰሱ ምን ያህል እንደተጨነቀ ራስህ ታያለህ። ከዛ ግርጌ ማስታወሻውን አንብብ፣ መልሰናል የሚለው ቃል የእርሻውን ውሃ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው እዛ ነው ያለው።

በሪፖርት ላይ ፈፅሞ የማታገኘው ነገር ቢኖር የጉድጓዱ ከፍታ በየወሩ ነው። የውሃው ወለል ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በየወሩ መለካት ከባድ ነገር አይደለም፣ ገመድና ሜትር ይበቃዋል፣ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለፓምፓቸው ሲሉ ይለኩታል። ያንን ቁጥር ለመንደሩ ሰው በየወሩ የሚለጥፍ ፋብሪካ ካለ እኔ ከማንኛውም ሰርተፊኬት በላይ አምነዋለሁ።

አንድ ካምፓኒ በእውነት ኔት ዎተር ፖዚቲቭ መሆን ይችላል?

ፔፕሲኮ በ2021 በ2030 እዛ እደርሳለሁ ብሏል፣ ከሚጠቀመው በላይ እመልሳለሁ ማለቱ ነው። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ፣ በዛው ተፋሰስ ያሉትን እርሻዎች ጨምሮ ከሆነ ይቻላል ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም በቦይ የሚፈስሰውን መስኖ ወደ ጠብታ መስኖ መቀየር ብቻውን ፋብሪካው ከሚጠጣው በላይ ሊያድን ይችላል። እሱም ቢሆን የዳነው ውሃ መሬት ውስጥ ከቀረ ነው፣ ገበሬው ውሃ ተረፈኝ ብሎ ተጨማሪ መሬት ካረሰበት የዳነ ነገር የለም፣ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ብዙ ቦታ ታይቷል። በዓለም ደረጃ ተደምሮ ፖዚቲቭ ነኝ ማለት ግን ለእኔ ስለየትኛውም ጉድጓድ አይነግረኝም።

ካምፓኒው የገባውን ቃል ባያሟላስ ማን ይጠይቀዋል?

ባብዛኛው ማንም። እነዚህ ግቦች በፈቃደኝነት የተገቡ ናቸው፣ ያወጣቸው ካምፓኒው ነው፣ የሚለካቸውም የሚቀይራቸውም እሱ ነው። ኮካኮላ በታህሳስ 2024 የአካባቢ ግቦቹን ከልሶ ቀነ ገደቡን ወደ 2035 አዛወረ፣ በ2030 ከምርቴ 25 ፐርሰንቱን በተመላሽ ማሸጊያ እሸጣለሁ ያለውንም ተወው። የተቀጣ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይችልም፣ ሕግ አልተጣሰማ። የሚያስገድደው ፈቃዱ ነው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው፣ ስለዚህ በቀን ስንት ሊትር፣ በየትኛው ወር፣ ቁጥሩን ለማን ያሳያል የሚለው እዛ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የትም የለም።

ፕላቺማዳም እስከ መጨረሻው ይሄንኑ ነው ያየችው። በ2010 የኬረላ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ በእርሻው፣ በጤናው፣ በውሃው ላይ የደረሰውን ጉዳት 216 ክሮር ሩፒ፣ ማለትም 2.16 ቢሊዮን ሩፒ ብሎ ገመተው። በ2011 የግዛቱ ምክር ቤት ካሳ የሚያስከፍል ልዩ ችሎት ለማቋቋም ሕግ አወጣ፣ ሕጉ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ወደ ደልሂ ተላከ፣ ዓመታት ቆይቶ ሳይፈረም ተመለሰ። ማይላማ በ2007 ሞታለች፣ ያኔ ኮሚቴውም ገና አልተቋቋመም ነበር።